ፔርሙዙ ሲቀዘቅዝ

ማለዳ ስመጣ ሐይቁ ጉም ለብሶ ነበር፤
የባጃጁ ሾፌር መስታወቱን በእጅጌው እያሸ ሲማረር፣
«ይሄ ጉም መች ይነሳል?» አለኝ፤ አልመለስኩም፤
የኔ ጉም ሌላ ነው፤ ፀሐይ አያነሳውም።

መሠለች ዳንጊሶ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ሻጭ፣
ከጎህ በፊት ተነስታ በቢላዋዋ ተቀማጭ፣
ቆሮሶን ባንድ ትንፋሽ ከአጥንቱ የምትለይ፣
ደላላ ቢያንባርቅ ዞር ብላ የማታይ፣
ሐሞተ ኮስታራ ይላታል ገበያው፤
ሐሞቷን አሟት ነው፤ ጠጠር ነው የሞላው።
ጠረጴዛ ላይ ወጥታ፣ መርፌው ሳይወስዳት፣
«ሐሞቴን ወስዳችሁ በምን ልከራከር?» አለች፤ ሣቅ ያዛት።

እኔ የምጠብቃት አንዲት ብርጭቆ ናት፣
የትንሽ ጣት ጥፍር ታህላለች ስፋት።
በእምብርቷ ገብታ ስታበራ ውስጡን፣
ሁላችን ቀና ብለን እናያለን ስክሪኑን።
ሆዷን ራሱን የሚያይ እዚያ ክፍል የለም፤
ብርጭቆዋ ከታወረች ሁላችን አናይም።

ለዚህ ነው ፔርሙዝ የማይለየኝ ከጎኔ
(አዲስ ተለማማጅ አንዴ፣ ሻይ መስሎት፣ «ቅጂልኝ» ብሎኛል በምኔ!)።
ንጹሕ ሙቅ ውሃ ነው። ሠላሳ እስክቆጥር ትነከራለች፤
ብርድ ይዛ ከገባች ያልባታል፣ ትታወራለች።

ዛሬ ግን ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ አድሮ፣
ጄኔሬተሩ ያለችው ናፍጣ ተቆጥሮ፣
ማሞቂያው አልነደደም። እኔም ከረጢቱን
ሳልዳስስ አመንኩት፤ ሳልነካ ሙቀቱን።
ስህተቴ ይሄ ነው።

«ጉም!» አለ ዶክተር ኡጋሞ።
አወጣናት። በጎዝ ጠረግኳት። ገባች።
ሦስት ትንፋሽ ሳትቆይ ደግማ ነጭ ሆነች።
«ጉም!»
አወጣናት። ነከርኳት። ውሃው እንደ ሐይቁ ዳር ውሃ ነው።
ገባች።
«ጉም።» አሁን ቀስ ብሎ፤ ይሄኛው ይብሳል።

ቀጥሎ ከረጢቱ ተቀደደ፤
አረንጓዴው ተረጨ፣ ሌንሷን ቀባት።
የመሠለች ሐሞት ፈሰሰ፣ ቃል በቃል፤
የኔም ፈሰሰ፣ በሌላው ትርጉሙ።

መቀሱ አፉን ከፍቶ ቆመ።
ቧንቧውና ደም ሥሩ ጎን ለጎን ተኝተው፣
የቱን ቆርጦ የቱን ይተው?
የማደንዘዣው ልጅ እንኳ ከወንበሩ ተነሳ።
የራሴ መነጽር ከጭምብሌ በሚወጣ ትንፋሽ ነጭ ሆኗል፤
እሱን ለመጥረግ እጄን አንስቼ
ጓንቴ ትዝ አለኝና መለስኩት።

«ሐሞቱን ብቻ ጥረጊ» አለኝ፣ ድምፁን ሳያነሳ፤
«ጉሙን ለሷ ተይላት።»

የካሜራ ያዡን ክንድ ይዞ መራው፤
የሕፃን ትኩሳት እንደሚለካ መዳፍ፣
ሌንሷን ጉበቷ ላይ አሳረፋት።
ስክሪኑ ቀይ ሆነ፣ ዝም ያለ ቀይ።
አንድ ብለን ቆጠርን፤ ከንፈራችን ብቻ ነው የሚንቀሳቀስ፤
አስራ ሁለት ላይ አነሳት።

ጉሙ ከዳር ጀምሮ ተሸበለለ።
ውሃዬ ያቃተውን
ተኝታ፣ ሳታውቅ፣ ዓሣ ሻጯ ሠራችው፤
በገዛ ሙቀቷ ዓይናችንን ጠረገችው።
ደም ሥሩም ታየ፤ ቀጭን ክር፣ ትር ትር ይላል፤
መቀሱ ካሰበው ቦታ አንድ ስንዝር አይሉት፣
አንድ የሩዝ ፍሬ ያህል ብቻ ርቋል።

ከሰዓት ሁሉ አለፈ። ብርጭቆዋን በለስላሳ ጨርቅ፣
በቀስታ አጥቤ ሳጥኗ ውስጥ አስተኛኋት ሳትደርቅ
እንደማይሆን አውቄ፣ አንዴ አውጥቼ ደግሜ አደረቅኳት።
በመስኮቱ ሐይቁ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ተናደድኩበት።

በማግስቱ መሠለች ጠጠሮቿን ጠየቀች።
አሥራ አራት ናቸው፣ በብልቃጥ፤ ጆሮዋ ጋ ነቀነቀች።
«ለዚህ ነው?» አለች። ከዚያ ሂሳብ ክፍል ወርዳ
ስለ አንድ አልጋ ቀን ክፍያ ግማሽ ሰዓት ተከራከረች፤
ድምፅዋ እስከ ፎቁ ይሰማል።
ገንዘብ ያዡ ቀነሰላት።

እኔ ከዚያ ወዲህ
መብራት ቢኖርም ባይኖርም፣ ማሞቂያው ቢነድም፣
ከረጢቱን ጉንጬ ላይ ሳላደርግ አላምንም።